የወንድሟ አፍ

በሰፈሩ ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ጠበቃዋ» ነው የሚላት። ችሎት ቆማ አታውቅም። ስሙ የወጣላት፣ ሰው ተጠይቆ አፉን እስኪከፍት ድረስ መታገሥ ስለማትችል ነው። አንዱ ደንበኛ ሌላውን «ባለቤትህ ተሻላት?» ብሎ ሲጠይቀው፣ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ተሽሏታል፣ ትናንት ልብስ ስታሰጣ አይቻታለሁ» ትላለች። ሱሪ ይዞ የመጣውን «የት ላይ ላሳጥርልህ?» ትልና መልሱን ሳትጠብቅ «እዚህ ጋ ነዋ፣ ሌላ የት ሊሆን!» ብላ ታሰምርበታለች። ዝም የምትለው ስፒል በከንፈሯ ስትይዝ ብቻ ነው።

የምትሠራው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ሽቦ ላይ የተሰቀሉ ያለቁ ልብሶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ኮቶች፤ ከዚያ በኋላ ለእሷ የሚተርፈው ቦታ ለመዞር ያህል ነው። ከጎኗ፣ በስስ ጣውላ ተለይቶ፣ ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ይሠራል። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የምትለውን ሁሉ ይሰማል።

«ጠበቃዬ» ይላታል በጣውላው በኩል፣ «ዛሬ ስፒል የሚፈልግ ሥራ አልመጣም እንዴ? ጆሮዬ ደከመ እኮ!»

«አንተ ደግሞ ጋሼ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ግድግዳው ላይ ሰቅለህ አንዱ ከአንዱ አይስማማ!»

«አይስማማ፤ እኔ ምን ቸገረኝ፤ ቢያንስ አንዱ ያንዱን አይናገርም።»

ትስቃለች። ሳቋ ትልቅ ነው፤ ከደረጃው ላይ የሚወርዱ ሰዎችን ዞር ያሰኛል።

ይህ አመል የመጣባት ከታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟ አፉን የፈታው እንደ ማንኛውም ልጅ በጊዜው ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ቃል ጉሮሮው ላይ ይቆምበት ጀመር። አንዱን ፊደል ይዞ ይታገላል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል። ልጆች ይስቃሉ። እሷ ያኔ ከፍ ያለ ክፍል ነበረች፤ በዕረፍት ሰዓት እየመጣች የሳቀውን ሁሉ ስታባርር ትውልና «ምን ልትል ነበር? እርሳስ ጠፋብኝ ነው? በል እኔ እነግራቸዋለሁ» ትለዋለች።

እናታቸው የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት በመጨረሻው ሰሞን ልጅቷን ጠጋ አድርጋ፣ «ይሄ ልጅ አፍ የለውም። አንቺ አፍ ሁኚለት» አለቻት። ልጁ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። እሷ «እሺ እማዬ» አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዋ ይህን «እሺ» መጠበቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሱቅ አብራው ትሄዳለች። ሐኪም ቤት «እዚህ ጋ ያመዋል» ትላለች። ሲያድግ ከቀለም ቀቢዎች ጋር ሥራ ያስገባችውም እሷ ናት። ፎርማኑ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ «ምነው፣ ዲዳ ነው እንዴ?» ሲላት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «ዲዳ አይደለም፤ ሥራ ላይ ወሬ አይወድም» አለችው።

«እንደሱ ያለ ነው የምፈልገው!» አለ ፎርማኑ። «እነዚህ ሁሉ አፋቸው ሲሠራ እጃቸው ይቆማል።»

እውነትም ወንድሟ ጎበዝ ቀቢ ወጣው። የእሱ ግድግዳ ላይ የቡርሽ መንገድ አይታይም። ቀጥሎ አንዲት ወጣት መጣች፤ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ የምትሠራ፣ ስትናገር ራሷን ዘንበል የምታደርግ ልጅ። እሁድ ከሰዓት ቤታቸው መጥታ ተቀመጠች። እህት ሆዬ ወንድሟ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስብ፣ ወደፊት ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ አስረዳቻት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ሰማችና ስትነሣ «እሱስ ምን ይላል?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ ግን ተመልሳ አልመጣችም።

መጠጥ መቼ እንደጀመረ እህቱ አታውቅም። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጎራ ይል እንደነበር ታውቃለች፤ «ደከመው፣ ትንሽ ይዝናና» ትል ነበር። ያላወቀችው፣ ብዙ ቆይታም የሰማችው ነገር ቢኖር፣ በመጀመሪያው ብርጭቆ ምላሱ እንደተፈታለት ነው። አንድ ቀን ከመሰላል ላይ ሊወድቅ ስለነበረ ሰው ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆም አወራ አሉ። ሰዎቹ ሳቁ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ ላይ ሳይሆን በታሪኩ ሳቁ። በማግስቱ ያን አንደበት ፍለጋ ተመልሶ ሄደ። በኋላ አንዱ ብርጭቆ አልበቃ አለ፤ በኋላም ጠርሙስ ሙሉ ጠጥቶ እንኳ አንደበቱ ጠፋ፤ መጠጡ ብቻውን ቀረ።

ሥራ ሲቀር የምትደውለው እሷ ነበረች። ኩላሊቱን አሳመመችው፣ ጥርሱን አስነቀለችው፣ በሕይወት የሌለች አክስታቸውን ደግማ ገደለቻት። ፎርማኑ በሦስተኛው ቀብር ላይ «እመቤቴ፣ ይቺ አክስታችሁ ስንት ነፍስ ነው ያላት?» አላት። ወሬውን በጣውላው በኩል የሰማው ሰዓት ሠሪ ሳቀ። እሷ ግን በዚያን ቀን አልሳቀችም። ወንድሟን አንድም ጊዜ «ምን ሆነህ ነው የምትጠጣው?» ብላ ጠይቃው አታውቅም። ምክንያቱን ታውቀዋለቻ! ያቺ ልጅ ጥላው ስለሄደች ነው፤ ወይም እናታቸው ስለሞተች ነው፤ ለሚጠይቃት ሁሉ እንዲህ ትመልሳለች።

አንድ ጠዋት ቁርሱን ይዛ ክፍሉ ስትገባ፣ ንጹሕ ግድግዳ ላይ የሌለ ጉንዳን ሲያራግፍ አገኘችው። ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ እጁ ማንኪያ አይዝም። ለካ በገዛ ፈቃዱ መጠጡን ድንገት አቁሞ ኖሯል። ለማንም ሳይናገር ለብቻው ሊተወው ሞክሮ ነበር። እሷ ግን ያየችው ጉንዳኑን ብቻ ነው። ወደ ሰዓት ሠሪው ሮጠች።

«የእህቴን ልጅ ያዳነ ቦታ አለ» አላት መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ። «አእምሮው ለታወከም፣ ሱስ ለያዘውም ነው። ቀጠሮ አይጠይቁም፤ በሩን አንኳኩቶ መግባት ነው። ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።»

ማዕከሉ ዝቅ ያለ፣ ፎቅ የሌለው ቤት ነው። መግቢያው ላይ አንዲት ነርስ ተቀምጣለች፤ ሰፋ ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት። በስተግራ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ሰው ተረብሾ ሲመጣ እስኪረጋጋ የሚቀመጥበት ክፍል አለ፤ ወንበሮቹ ለስላሳና ከባድ ናቸው፣ ተነሥተው አይወረወሩም። ወደ ውስጥ መጠጥ ወይም ዕፅ ሲቋረጥ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚያሳልፉ ሰዎች የሚተኙበት አልጋ አለ፤ ሐኪም ይጎበኛቸዋል፣ ነርሶች ይጠብቋቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሕሙማኑ ክብ ሠርተው የሚነጋገሩበት አዳራሽ፣ ለጭንቅ ጊዜ የሚደወልበት ስልክ፣ ከቤተሰብ ጋር የሚቀመጥ አማካሪ። አንድ ሕግ አላቸው፤ ሰው የሚቀረው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ፈቃዱንም የሚናገረው ራሱ ነው።

ነርሷ ወንድምየውን አስቀምጣ እጁን ያዘችና «ወንድሜ፣ ምን ሆነህ መጣህ?» አለችው።

«ይጠጣል፣ ሲስተር» አለች እህቱ። «ከስንት ዓመቱ መሰለሽ…»

«እሺ። እስቲ እሱ ይንገረኝ።»

«ምላሱ ይያዛል። ሲጨንቀው ደግሞ ይብስበታል። እኔ ልንገርሽ።»

«እንጠብቀዋለን፤ ምንም አይደል። ወንድሜ፣ መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?»

«ሐ… ሐ…»

«ሐሙስ!» አለች እህቱ። «ሐሙስ ማታ ገብቶ ሰምቼዋለሁ።»

ነርሷ እሷን አየቻት፤ እሱን አየችው። እጁ እጇ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፤ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። «እዚህ ልንረዳህ ትፈቅዳለህ?» አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ወደ ውስጥ አስገቡት።

መንቀጥቀጡ እስኪያልፍ ነርሶቹ እየተፈራረቁ ጠበቁት። መድኃኒት ሰጡት፣ ውኃ አጠጡት፣ ጉንዳኑ የለም እያሉ ሳይከራከሩት ጎኑ ተቀመጡ። እሷ በየቀኑ ንጹሕ ልብስ ይዛ ትመጣለች። ፊቱ ጠርቶ፣ ዓይኑ ዓይን ሆኖ ስታየው አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ያኔ ነው አማካሪው ሁለቱን አንድ ላይ የጠራቸው። ቀጭን፣ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ የለበሰ ወጣት ነው። እሷ «ዶክተር» ትለዋለች፤ እሱ በየጊዜው «ዶክተር አይደለሁም» ይላታል።

«ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ» አለ ወደ ወንድምየው ዞሮ። «ወደ ቤት ተመልሰህ እየተመላለስክ መከታተል ትችላለህ። ወይም ወራት የሚወስደው ማገገሚያ ጋ እናስገባሃለን። አንተ ምን ትፈልጋለህ?»

ወንድምየው ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጋ። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እ… እ… እኔ የ… የምፈ…»

አማካሪው ዝም አለ። ከደጅ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ወንድምየው ዓይኑን ጨፈነ፤ አንገቱ ላይ ያ ሥር ተገተረ። እሷ ያን ሥር ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ስታየው መጠበቅ አይሆንላትም።

«ቤቱ መመለስ ነው የሚፈልገው» አለች። «ከእኔ ጋር። ክፍሉን አጽድቼ ነው የመጣሁት፤ መጋረጃውን ሳይቀር ቀይሬለታለሁ። አይደል ማሙሽ?»

የአርባ ዓመቱ ማሙሽ ዓይኑን ገለጠ። ለጥቂት ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፎ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

በማግስቱ ልብስ ይዛ ስትመጣ አልጋው ተነጥፎ ጠበቃት። ከቁርስ በኋላ ጫማውን አድርጎ፣ ነርሷን በእጁ ተሰናብቶ ወጥቷል። እቤትም አልነበረም።

«እንዴት ትለቁታላችሁ!» ብላ ጮኸች መግቢያው ላይ። «የታመመ ሰው በር ከፍታችሁ ትለቃላችሁ?»

«እህቴ፣ እኛ ማንንም አንቆልፍም» አለች ነርሷ። «እንዲቆይ ለመንነው። ስልካችንን ሰጠነው። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?»

አማካሪው ከቢሮው ወጣ። ሊያጽናናት የመጣ መስሏት ነበር። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አላት። «ትናንት አረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ማስቆም ነበረብኝ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ስድብ ሊወጣት ነበር። ግን በአማካሪው ፊት ላይ ክፋት አጣችበት። ልብሱን በፌስታል እንደያዘች ወጣች።

ሳምንታት አለፉ። ጠበቃዋ ሥራ ቦታዋ ቁጭ ብላ መኪናዋን ስታሽከረክር ትውላለች፤ ድምፅዋ ግን ጠፋ። ደንበኞች ዝምታዋን ሲያዩ የሱሪያቸውን ርዝመት ራሳቸው ይናገሩ ጀመር። በየመጠጥ ቤቱ ፈለገችው፤ የቀለም ሥራ ያለበት ሕንፃ ሥር ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች። በልቧ የሚመላለሰው ያ «የምፈ…» ነበር። ስንት ነገር ሊሆን ይችላል! «የምፈልገው» ሊሆን ይችላል፤ «የምፈራው» ሊሆን ይችላል። እሷ መልሱን ሰጥታበት ሄዳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ሰዓት ሠሪው ወንበሩን ይዞ ወደ እሷ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። ቦታው ስለማይበቃ ጉልበታቸው ተነካካ።

«ወንድምሽ ደህና ነው» አላት። «እኔ ቤት ነበር።»

«እኔ ሰፈሩን ሳስስ፣ አንተ ጋ! እንዴት አትነግረኝም፣ ጋሼ?»

«አትንገራት አለኛ። እስኪጨርሰው ሻዬ ቀዘቀዘ፤ ግን አለ።» ትንሽ ፈገግ ብሎ ተወው። «ከወጣ በኋላ ሁለቴ ጠጥቷል፤ አልዋሽሽም። ኋላ ከእኔ ስልክ ላይ ወደዚያ ማዕከል ደወለ።»

«እሱ? በስልክ?» ወንድሟ ስልክ አንሥቶ አያውቅም። ከምንም በላይ የሚፈራው እሱን ነው፤ ፊት የለ፣ ምልክት የለ፣ ቃል ብቻ።

«ደወለና ዝም። አንድ ቃል አልወጣ አለው። እኔ ይዘጉበታል ብዬ ነበር። ስልኩን ያነሣችው ሴት ግን አልዘጋችም። በየመሃሉ ‹አለሁ፣ አልቸኩልም› ትለዋለች። ሻዩ ሁለተኛ ፈላ፣ እሷ አሁንም ‹አለሁ›። በመጨረሻ ‹ልመለስ› አለ። አንዲት ቃል ናት፤ ግን የራሱ ናት። ይኸው እዚያ ተኝቶ አንድ ሳምንት ሆነው።»

እሷ እጇ ላይ የያዘችውን ኮት አስቀመጠች፤ መልሳ አነሣችው። «እኔ ብሆን እዘጋበት ነበር እኮ» አለች። «ስልኩ ላይ እኔ ብሆን ‹አቤት፣ ማሙሽ ነህ? ደህና ነህ? መጣሁ› ብዬ እዘጋው ነበር።»

ሰዓት ሠሪው ወንበሩን አንሥቶ ወደ ጣውላው ማዶ ተመለሰ።

በሳምንቱ ነርሷ ደወለች። ወንድሟ እንድትመጣ ጠይቋል፤ ሊነግራት የሚፈልገው ነገር አለ። «አንድ ነገር ግን ይለምንሻል» አለች ነርሷ፤ «እስኪጨርስ እንዳትመልሽለት።»

ያው ክፍል ነው፤ ያው አማካሪ። ወንድሟ ወፍሯል፤ ጢሙን ተላጭቷል። ሳያቅፋት ተቀመጠ፤ ካቀፋት እንደማይናገር ያወቀ ይመስላል። እሷም ተቀመጠች። የመጣችው አንድ ነገር ፈርታ ነበር፤ ዛሬም አፏ ካመለጣት ይህን አልጋ ለሁለተኛ ጊዜ ታስለቅቀዋለች፤ ሦስተኛ ደግሞ ላይኖር ይችላል።

«እ… እ… እትዬ» አለ።

ቆመ። ሥሩ ተገተረ። ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ፤ እሱ ሊል የፈለገው አይደለም፣ እሷ ልትልለት የፈለገችው። ጥርሷን ነከሰች። ዝምታው ረዘመ። አማካሪው ጣቱን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ለካ ዝምታ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ካባ ሲሰፉ እንደ መዋል ያለ፣ ትከሻ የሚያዝል ሥራ።

«እ… እቤት አል… አልመለስም» አለ።

እሷ «መጋረጃው» ልትል ነበር።

«ማገገሚያው እ… እገባለሁ። ስ… ስወጣ ከማይጠጡ የሥራ ጓደኞቼ ጋር ቤት እ… እከራያለሁ። አንቺ…» እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆመ። ዓይኑን ግን አልጨፈነም፤ እሷን እያየ ነው የታገለው። «አንቺ ክ… ክፉ አይደለሽም። እ… እማዬ ‹አፍ የ… የለውም› ስትል ሰ… ሰምቻለሁ። በ… በሩ ላይ ነበርኩ። ‹አለኝ› ማ… ማለት ፈልጌ ነበር። እስክጀምር አ… አንቺ ‹እሺ› አልሽ።»

ሁለቱም አለቀሱ፤ አማካሪው አላለቀሰም፣ ግን መስኮቱን ማየት ያዘ።

«እ… እስክደውል አ… አትምጪ» አለ ወንድሟ። «መ… መቼ እንደሆነ አላውቅም። ጨ… ጨረስኩ።»

«ጨረስኩ» ሲል እንድትናገር ፈቅዶላታል ማለት ነው። ስንት ነገር ነበራት! ይቅርታ፣ ብርዱ፣ ካልሲው፣ ሹራቡ፣ እናታቸው ክፉ ማለቷ እንዳልነበር፣ እሷም ያኔ ልጅ እንደነበረች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊወጣ ተጋፋ። «እሺ» ብቻ አለች። ያቺው ቃል መሆኗን ያወቀችው ካለቻት በኋላ ነው። ተነሥታ ግንባሩን ሳመችው።

ነርሷ በር ላይ «ሮብ ከሰዓት የቤተሰቦች ስብሰባ አለን፤ ለአንቺ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም» አለቻት። «አስብበታለሁ፣ ሲስተር» ብላ ወጣች።

አውቶቡስ መጣ፤ አልተሳፈረችም። ማቆሚያው ላይ እንደቆመች፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አፉ ላይ የቆረጠቻቸው ቃሎች እየመጡ ይቆሙባት ጀመር። ብዙዎቹን ረስታቸዋለች። አንዱ ግን ቁልጭ ብሎ መጣ። ወንድሟ ሰባት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት እየተመለሱ መንገድ መሃል እጇን ጎትቶ አስቆማትና ጣቱን ወደ ጣሪያዎቹ በላይ ቀሰረ። ፊቱ ሁሉ በርቶ ነበር። «እ… እ… እዛ…» አለ። ደመና እየመጣ ነበር፤ ልብስ አስጥታ ነው የወጣችው። «አዎ፣ ወፍ ነው፤ አየሁት» ብላ ጎትታው ሄደች።

ቀና ብላ እንኳ አላየችም ነበር። ወፍ ላይሆን ይችላል። አሁን ብትጠይቀውም አያስታውሰውም።